ለጥቁር አፈር መንገድ ኖራ ወይስ ቃጫ?

በበቾ ሜዳ የ800 ሜትር የጠጠር መንገድ የሚያሠሩ አንባቢ፣ ባለፈው ክረምት ጠጠሩ ጭቃ ውስጥ እንደሰጠመባቸው ገልጸው፣ ኖራውን ትተው አፈሩን በእንሰት ቃጫ ብቻ ማጠንከር ይችሉ እንደሆነ ጠይቀዋል።

አይችሉም። መረሬ የሚባለው ይህ ጥቁር አፈር በክረምት የሚያብጠው፣ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣው፣ ሞንትሞሪሎናይት የተባለው የሸክላ ማዕድን ውሃን በስስ ገጾቹ መካከል ስለሚያስገባ ነው። ቃጫ፣ በግድግዳ ጭቃ ውስጥ እንዳለው ጭድ፣ አፈሩን አያይዞ ስንጥቁን ይቀንሳል እንጂ ይህን ጠባይ አይለውጥም፤ የሚለውጠው የኖራው ካልሲየም ነው።

አስቀድመው ያብጥ እንደሆነ ይፈትሹት። አፈሩን አድርቀውና ፈጭተው በደቃቅ ወንፊት ከነፉ በኋላ፣ 10 ሚሊ ሊትር የሚሆነውን ልኬት ባለው የ100 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ቀስ እያሉ ነስንሰው ያሳድሩት። በማግስቱ የረጋው አፈር 20 ሚሊ ሊትር ከደረሰ፣ ያለ ኖራ ጠጠር ማልበስ ገንዘብ መቅበር ነው።

የኖራው መጠን በላቦራቶሪ ይወሰናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከደረቁ አፈር ክብደት ከ4 እስከ 8 በመቶ ይሆናል። 6 በመቶ ቢታዘዝልዎ፣ በ15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ኩንታል ኖራ 8 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል። ለረጅም ጊዜ ለአየር ተጋልጦ የቆየ ኖራ ኃይሉን ስለሚያጣ አይግዙ፤ ሲበተንም ዓይን ስለሚያቃጥል ሠራተኞቹ መነጽርና ጓንት ያድርጉ።

ጓሉን ሰባብረው፣ ኖራውን በትነውና ውሃ አጠጥተው ካደባለቁ በኋላ፣ ከመጠቅጠቅዎ በፊት አንድ ወይም ሁለት ቀን ያሳድሩት። ሮለር ተከራይቶ ማቆም ያንገበግባል፤ ነገር ግን እንደ ሊጥ እጅ ላይ ይጣበቅ የነበረው አፈር በማግስቱ እንደ ቆሎ ሲበታተን ያዩታል። ያን ጊዜ ዳግም አደባልቀው ይጠቅጥቁት፤ ከዚያም ለ7 ቀን እርጥበቱ እንዳይለየው ያድርጉ።

ቃጫው በእጅዎ ካለ፣ ከሁለተኛው ድብለቃ በፊት ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ቆርጠው፣ ከግማሽ በመቶ ሳያስበልጡ ይጨምሩት። እኔ አንድ ጊዜ ሳላስቆርጥ አስበትኜ በማረሻው ዲስክ ላይ ተጠምጥሞ ግማሽ ቀን በቢላ ስንቆርጥ ውለናል። ኖራና እርጥበት ቃጫን ስለሚያበሰብሱት፣ የመንገዱን ዕድሜ በእርሱ ላይ አያስሉ።

ቦዩንም ከመንገዱ ጠርዝ አርቀው ያስቆፍሩት፤ ከሥር የቀረው መረሬ ኖራ አልነካውምና።