ሾውሪልዎ ለየትኛው ሥራ ነው የሚያመለክተው?

ውድ ጠያቂያችን፣

በደብዳቤዎ እንደገለጹልኝ፣ በቅርቡ የሠሩትን የአንድ አፕሊኬሽን ማስተዋወቂያ አኒሜሽን፣ የአንድ ዘጋቢ ፊልም መክፈቻ ርዕስ እና በግሪን ስክሪን (ኋላ በሌላ ምስል በሚተካ አረንጓዴ መደብ) ፊት የተቀረጹ ጥቂት ሾቶችን በአራት ደቂቃ ሾውሪል (የሥራ ናሙና ቪዲዮ) አሰባስበው ለበርካታ ስቱዲዮዎች ቢልኩም መልስ አላገኙም፤ ከአፍተር ኢፌክትስ በተጨማሪ ሌላውን የምስል ማነባበሪያ ሶፍትዌር ኑክን መማር ይኖርብዎ እንደሆነም ጠይቀዋል። የላኩልኝን ቪዲዮ ደጋግሜ ተመልክቼዋለሁ። በእኔ አስተያየት የጎደለዎት ሶፍትዌር ሳይሆን ምርጫ ነው፤ ሾውሪሉ ለየትኛው የሥራ መደብ እንደሚያመለክቱ አይናገርም።

ሞሽን ግራፊክስ (ጽሑፍንና ሥዕልን ማንቀሳቀስ) እና ኮምፖዚቲንግ (የተለያዩ ምስሎችን አንድ አድርጎ ማዋሃድ) በአንድ ሶፍትዌር ሊሠሩ ቢችሉም፣ ቀጣሪዎቻቸው የሚፈልጉት ነገር ለየቅል ነው። ሞሽን ዲዛይነር የሚቀጥር ሰው የፊደል አመራረጥን፣ የቀለም ስምምነትንና ከሁሉም በላይ የእንቅስቃሴውን ጊዜ አጠባበቅ ያያል። የኮምፖዚቲንግ ክፍል ኃላፊ ግን ከተለያየ ቦታ የመጡት ምስሎች በአንድ ካሜራና በአንድ ብርሃን የተቀረጹ መምሰላቸውን ይመረምራል፤ ሥራው ሲሳካ ተመልካቹ ሥራ መኖሩን እንኳ አያውቅም። ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ሾውሪሎች ያዘጋጁ፤ እያንዳንዳቸውም ከአንድ ደቂቃ ተኩል ባይበልጡ ይመረጣል። በሞሽን ግራፊክሱ የመክፈቻ ርዕሱን ያስቀድሙ፤ ካሳዩኝ ሁሉ የላቀው እርሱ ሆኖ ሳለ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ መቀመጡ ያሳዝናል። በአፕሊኬሽኑ አኒሜሽን ላይ ያሉት ምልክቶች ሁሉም በእኩል ፍጥነት ተነሥተው በድንገት ይቆማሉና ኪፍሬሞቹን (የእንቅስቃሴውን መነሻና መድረሻ ነጥቦች) በግራፍ ኤዲተር (ፍጥነቱን በመስመር በሚያሳየው መስኮት) ያለስልሷቸው።

ኮምፖዚቲንጉ ላይ ትንሽ ልቆይ። በመስኮት አጠገብ የቆመችውን ሴት በሚያሳየው ሾት በፀጉሯ ዙሪያ ቀጭን ጥቁር መስመር ይታያል። እንዲህ ያለው መስመር ብዙውን ጊዜ የሚመጣው፣ ቀለሙ አስቀድሞ በአልፋ ቻናሉ (የትኛው የምስሉ ክፍል ምን ያህል እንደሚታይ በሚወስነው መረጃ) የተባዛ ምስል እንዳልተባዛ ተቆጥሮ ሲነበብ ነው፤ ጠርዙ ሁለት ጊዜ ስለሚባዛ ይጠቁራል። ሶፍትዌሩ የምስሉን አልፋ እንዴት እንደተረጎመው ይፈትሹ፤ የቀለም እርማት ካደረጉም ብዜቱን ፈትተው (ቀለሙን በአልፋው አካፍለው) ካረሙ በኋላ መልሰው ያባዙት። በዚሁ ሾት ላይ ሴቲቱ የካሜራ ግሬይን (ደቃቅ ነጠብጣብ) ሲኖራት ከኋላዋ ያለው ከተማ ግን ፍጹም የጠራ ነው፤ ጥላዎቹም በጥቁረታቸው አይመሳሰሉም። የምስሉን ብርሃን ለጊዜው በጣም ከፍ አድርገው ቢመለከቱት ልዩነቱ ወዲያው ይታይዎታል። ልምድ ያለው ገምጋሚ መጀመሪያ የሚያየው ጠርዝን ነው።

ኑክን በተመለከተ፣ ዓላማዎ በፊልም ቪዥዋል ኢፌክትስ ስቱዲዮ መቀጠር ከሆነ መማሩ ይጠቅምዎታል፤ ለማስታወቂያና ለርዕስ ሥራ ከሆነ ግን አሁን አያስቸኩልዎትም። ለንግድ የማይውለው የኑክ ነፃ እትም ውጤቱን በ1920 በ1080 ፒክስል ቢገድብም ለልምምድ ከበቂ በላይ ነው፤ ያንኑ የመስኮቱን ሾት በኖዶች (በኑክ ሥራው እርስ በርስ እየተያያዘ በሚገነባባቸው ሳጥኖች) እንደገና ቢሠሩበት ከማንኛውም ኮርስ የተሻለ ትምህርት ያገኙበታል። በነገራችን ላይ የሁለቱም ሶፍትዌሮች ጅማሬ 1993 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ቶማስ ፖርተርና ቶም ደፍ ምስልን በአልፋ የማነባበር ስሌትን ያሳተሙት ግን ቀደም ብለው በ1984 እ.ኤ.አ. ነው። ፀጉሩ ላይ የታየው ችግር የዚህ ስሌት ጉዳይ ስለሆነ ሶፍትዌር ቢቀይሩም ተከትሎዎት ይሄዳል።

ከእያንዳንዱ የኮምፖዚቲንግ ሾት ጋር ጥሬውን ቀረጻ፣ አረንጓዴው የወጣበትን ደረጃና የመጨረሻውን ምስል በተከታታይ ያሳዩ። በቡድን በተሠራው ላይም የእርስዎን ድርሻ፣ ለምሳሌ «ሮቶስኮፒንግና የቀለም ማዛመድ» (ምስልን ፍሬም በፍሬም ከብቦ መለየትና ቀለሙን ማስማማት)፣ በግርጌ በአጭሩ ይጻፉ፤ የሦስት-ልኬት ሞዴሉን ሌላ ሰው ሠርቶት ከሆነ ያንን መግለጽ ዋጋዎን አይቀንሰውም፤ ሳይገለጽ ቀርቶ በቃለ መጠይቅ ላይ ሲወጣ ግን ያስቀራል።

የአፕሊኬሽኑ ባለቤት ምርቱን ገና ለሕዝብ እንዳላቀረበ ጠቅሰዋል። እንዲህ ከሆነ ሥራውን ለማንም ከማሳየትዎ በፊት በጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቁ፤ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ሊንክም ቢሆን ፈቃድን አይተካም። መልሱ ከዘገየ ያለ እርሱ ያመልክቱ፤ የመክፈቻ ርዕሱ ይበቃዎታል።