ኢቦር ሲቲ ያለው ሙዚየም ያዋጣል ወይ ላልሽው

እህቴ፣ «ታምፓ ስንሄድ የኢቦር ሲቲን የሲጋር ሠራተኞች ሙዚየም ብናይ ያዋጣል? ልጆቹስ አይሰለቹም?» ብለሻል። ያዋጣል። እዚሁ ፍሎሪዳ ስለምኖር እንግዳ ሲመጣብኝ እወስዳለሁ። ግን ትልቅ ነገር ጠብቀሽ እንዳትሄጂ። የድሮ ዳቦ ቤት ነው። ግዙፉ የጡብ ምድጃ አሁንም ውስጡ አለ፤ ልጆች መጀመሪያ የሚሮጡት ወደሱ ነው። ድሮ ረጅሙ የኩባ ዳቦ በየቤቱ እየታደለ፣ በር ላይ በተመታ ምስማር ይሰካ ነበር።

ታሪኩ ባጭሩ ይሄ ነው። ቪሴንቴ ማርቲኔዝ ኢቦር የሚባል ስፔን ተወልዶ ኩባ ላይ የከበረ ነጋዴ፣ ኪ ዌስት በምትባለው የፍሎሪዳ ደሴት የሠራተኛ አድማ ሲበዛበት በፈረንጆቹ 1886 የሲጋር ፋብሪካውን ታምፓ ላይ፣ ዛሬ በስሙ ኢቦር ሲቲ በሚባለው ሰፈር ከፈተ። ወደብ አለ፣ ባቡር ገና መግባቱ ነው፣ እርጥበቱም የትምባሆ ቅጠል እንዳይሰባበር ይረዳል። ከኩባ፣ ከስፔን፣ ከሲሲሊ ሰው ጎረፈ። ኢቦር ብልጥ ነበር። ሠራተኛው ጥሎት እንዳይሄድ ትናንሽ የእንጨት ቤቶች አሠርቶ ቀስ እያሉ እንዲከፍሉ ሸጠላቸው። አንዱ ከነዕቃው ሙዚየሙ ጋ አለ። ግቡና እዩት፤ ያ ሁሉ ቤተሰብ እዚያ ውስጥ እንዴት እንደኖረ ይገርማችኋል።

እኔን የሚይዘኝ ግን «ሌክቶር» የሚሉት ሰው ነው። ሲጋር የሚጠቀልሉት ሠራተኞች ተደርድረው በትንሽ ቢላ ቅጠል ሲቆርጡ፣ እሱ ከፍ ያለ መድረክ ላይ ቁጭ ብሎ ያነብላቸዋል። ጠዋት ጋዜጣ፣ ከዚያ ልብ ወለድ። ደመወዙን የሚከፍሉት ሠራተኞቹ ራሳቸው ናቸው፣ ከኪሳቸው አዋጥተው! ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ የስፔኑን ልብ ወለድ ዶን ኪኾቴን ያውቃል። ባለፋብሪካዎቹ ግን «ኮሚኒዝም እየሰበከብን ነው» ብለው በ1931 መድረኩን አስነሱ። ሠራተኛው አድማ መታ፤ አልሆነም። በምትኩ ሬዲዮ ገባ።

ከሙዚየሙ ስትወጡ ወዲያው መኪና ውስጥ እንዳትገቡ። በየመንገዱ የስፔኖቹ፣ የጣሊያኖቹና የኩባዎቹ የማኅበር ሕንጻዎች አሉ። የኛ እድር ማለት ናቸው፤ ግን ከቀብር አልፈው ሐኪም ቀጥረዋል፣ ከስፔን አስቱሪያስ ክልል የመጡት እንዲያውም ሆስፒታል ነበራቸው። ኩባዎቹ መጀመሪያ ጥቁርም ነጭም አብረው ነበሩ። የፍሎሪዳ የዘር ክፍፍል ሲጠብቅ በ1900 ጥቁሮቹ ተለይተው የራሳቸውን ማኅበር አቆሙ፤ ማርቲ ማሴዮ ይባላል። የቀድሞ ሕንጻቸው በ1960ዎቹ «ከተማ ማደስ» ተብሎ ፈረሰ። ለልጆችሽ ይህችን ንገሪያቸው፤ ከምድጃው እኩል ትጠቅማቸዋለች።

የኩባው አርበኛ ሆሴ ማርቲ እዚህ እየመጣ ለነጻነት ትግሉ ገንዘብና ሰው ያሰባስብ ነበር። ፓውሊና ፔድሮሶ የምትባል ጥቁር ኩባዊት ያሳረፈችው ቤት የነበረበት ቦታ አሁን ትንሽ መናፈሻ ነው፤ መሬቱም የኩባ መንግሥት ነው ይባላል። ፍሎሪዳ ውስጥ!

ሲጋር ሲጠቀለል በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ፣ ጄ.ሲ. ኒውማን የሚባለው ባለሰዓት ማማ ፋብሪካ እስካሁን ይሠራል። ሕንጻው የ1910 ነው። ጉብኝቱን አስቀድማችሁ ያዙ። የትምባሆ ሽታ ራስ ምታት የሚያስነሳበት ሰው ካለ ግን ይቅርበት።

ከመሀል ታምፓ በነጻው የጎዳና ባቡር መምጣት ይቻላል፤ ለልጆች እሱ ራሱ ጨዋታ ነው። መንገድ ላይ ዶሮዎች እንደልባቸው ይንጎራደዳሉ፣ አታባሯቸው፣ የሰፈሩ ባለቤቶች እነሱ ናቸው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የፍሎሪዳ በጋ ከሆነ የምትመጡት በጠዋት ውጡ፤ ከሰዓት ሙቀቱም ዶፉም አያስኬድም።