ገጠር ለምትመደቡ ወጣት ሐኪሞች

ሰሞኑን ሬዚደንሲዋን (የስፔሻሊቲ ሥልጠናዋን) ልትጨርስ የተቃረበች ልጅ ደወለችልኝ። "ጋሼ፣ እዚህ አሜሪካ፣ ካንሳስ ገጠር ሥራ አግኝቻለሁ፤ ሦስት ዓመት እንዴት ይገፋል?" አለችኝ። ለሥልጠና በሚሰጠው በጄ-ዋን ቪዛ የመጣ ሐኪም ነገሩን ያውቀዋል። ሥልጠናው ሲያልቅ ወይ ሁለት ዓመት አገርህ ትመለሳለህ፣ ወይ ሐኪም ያጣ አካባቢ ሦስት ዓመት ታገለግላለህ። ለዚህ እያንዳንዱ ስቴት በዓመት ያለው 30 ቦታ ነው። ስለዚህ ላገኘ ሰው "ያዘው" ብዬ መምከር አያስፈልገኝም፣ ይታወቃል። "ይገፋል" ያለችው ግን ከነከነኝ። እኔም ስገፋው ነበር።

የነበርኩት ምዕራብ ካንሳስ ነው። ሜዳ ብቻ። ከሩቅ የሚታየው ፎቅ የሚያህለው የእህል ጎተራ ነው። ከሱ ሥር ግሮሰሪ፣ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን (እሱ እንኳ ሞልቷል) እና የኛ ትንሽ ሆስፒታል። ተማሪ ከማነሱ የተነሳ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድኑ በ11 ፈንታ በ8 ልጅ ይጫወታል። አርብ ማታ ግን ከሜዳው የሚቀር ሰው የለም።

ስንዴው በጁን ይደርሳል። በረዶ ከጣለበት የዓመት ልፋት በግማሽ ሰዓት አለቀ ማለት ነው። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ደረቱን እያመመው፣ ዝም ብሎ ኮምባይነሩን ሲነዳ ከርሞ መጣ። ኢኬጂውን (የልብ ምርመራውን) እንዳየን በሄሊኮፕተር ወደ ትልቁ ከተማ ዊቺታ ላክነው። ሲጭኑት እንኳ የሚጠይቀው ስለ ስንዴው ነበር። በማግስቱ ባለቤቱን ላናግር ስሄድ የጎረቤት ኮምባይነሮች ማሳውን ተከፋፍለውታል። ደቦ ነው በቃ። የባንኩ ሰውዬ የእህል መኪና ይነዳል፣ ሴቶቹ ፒካፕ ላይ ሳንድዊች ይደረድራሉ። በአጥር ተጣልቶ ለዓመታት ያኮረፈው ጎረቤቱ ሳይቀር የራሱን ስንዴ ትቶ መጥቷል። አጨደ፣ ማንንም ሳያናግር ሄደ። እኔ ከነክራባቴ ተገትሬ ሳለሁ አንዲት ሴትዮ የውሃ ጀሪካን አስያዘችኝ። እስኪመሽ ውሃ ሳድል ዋልኩ። እንደ እንግዳ ያልታየሁት ያን ቀን ነው።

ግን ሦስቱ ዓመት እንዳለቀ ወደ ዳላስ ሄድኩ። እዚያ ሐበሻ አለ፣ እንጀራ አለ። ሽማግሌው ሊሰናበተኝ መጥቶ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፤ "ካንተ በኋላ ማን ይመጣል?" መልስ አልነበረኝም። አሁንም ይቆጠቁጠኛል።

ዛሬ ቢሆን እቀር ነበር? እንጃ። ብርዱም ብቸኝነቱም አይቻልም፣ ምን እንደገዛህ ካሸሯ ለእህቷ ታወራለች። እናንተ ደግሞ ከተማውን ሳታዩት ጎግል ማፕ ላይ የሐበሻ ምግብ ቤት ትፈልጋላችሁ። በኔ ጊዜ ቢኖር እኔም እፈልግ ነበር፣ አልዋሽም።

ኮንትራቱን ስትፈርሙ ደሞዙን አይታችሁ አትዝጉት፣ የተረኝነቱን ገጽ ደግማችሁ አንብቡ። ሁለት ሐኪም ብቻ ባለበት ቦታ አንዱ እረፍት ሲወጣ ሌሊቱ ሁሉ የናንተ ነው። ተተኪ ማን እንደሚያመጣ በጽሑፍ ይስፈር። መንገድ ላይ ከፊት የሚመጣ ሹፌር አንድ ጣቱን ከመሪው ካነሳ ሰላም ማለቱ ነው፣ መልሱለት። ካልመለሳችሁ ምሳ ሳይደርስ ከተማው ይሰማል።