መልስ፦ ለስንዴ እርጥብ ፍግ ወይስ ኮምፖስት?

ወንድሜ፣ ጃማ (ደቡብ ወሎ) ውስጥ ዩሪያ የሚባለውን የፋብሪካ ማዳበሪያ ሳትጠቀም ስንዴ ልትዘራ ነው። ፍጉን እንዳለ ልበትነው ወይ፣ በመስመር መዝራትስ መሬቱን ያለማዋል ወይ ብለሃል።

እርጥቡን አትበትነው። ማሳ ላይ ፀሐይ ሲመታው ሰብሉን የሚያሳድገው ናይትሮጂን በንኖ ይጠፋል፤ የአረም ዘርም ይዞብህ ይገባል። ከጭድ፣ ከቅጠልና ከጥቂት አመድ ጋር ከምረህ ከ3 እስከ 4 ወር አብስለህ ኮምፖስት አድርገው። ረጅም እንጨት መሃሉ ላይ ስካበት። በየሳምንቱ ነቅለህ ዳብሰው። ትኩስና እርጥብ ከሆነ እየሠራ ነው። ደረቅ ከሆነ ውሃ አርከፍክፍበት። ሲበስል የበረት ሽታው ጠፍቶ የጫካ አፈር ይሸታል። ያኔ በትነህ ወዲያው እረስበት።

በመስመር መዝራት ብቻውን አፈር አያለማም። ግን በ20 ሳንቲሜትር ርቀት ስትዘራ ኮምፖስቱን በመበተን ፈንታ ሥሩ አጠገብ ልታደርገው ትችላለህ፤ ማረም ይቀልሃል፣ ዘርም ትቆጥባለህ። ዋልካ የሚባለው ጥቁር የሸክላ አፈር ውሃ ስለሚቋጥር ቦይ ማውጣት እንዳትረሳ።

አደራህን፣ ኩበቱን ሁሉ ለምድጃ አታውለው። የምናነደው የመሬታችንን ጉልበት ነው፤ እኔን በጣም ያሳዝነኛል። ደግሞም ስንዴን ከባቄላ ወይም ከምስር ጋር አፈራርቅ፤ እነሱ ናይትሮጂን ከአየር ወስደው አፈር ውስጥ ይተዋሉ። አምና ባቄላ የነበረበት ማሳ ካለህ፣ ስንዴውን እዚያ ጀምረው።