ትንሽ ቋንቋ እንዴት ይስፋፋል? ስለ ኤርላንግና ኤሊክሰር ጥያቄና መልስ

ኤርላንግ የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋና በእሱ ላይ የተሠራውን ኤሊክሰርን ለዕለት ሥራዬ የምጠቀም ሰው ነኝ። ጥቂቶች ብቻ የሚያውቁት የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ወደ ብዙኃኑ የሚደርስበት መንገድ ምን እንደሆነ ከተለያዩ ሰዎች ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ኤርላንግ እንደሚሉት ጠንካራ ከሆነ፣ ይህን ያህል ዘመን ለምን ተደብቆ ኖረ?

መልስ፦ ኤርላንግ በ1986 በስዊድኑ የቴሌኮም ኩባንያ በኤሪክሰን ቤተ ሙከራ ተጀመረ። ጆ አርምስትሮንግ፣ ሮበርት ቪርዲንግና ማይክ ዊሊያምስ ይፈልጉ የነበረው በአንድ ጊዜ እጅግ ብዙ ጥሪ የሚያስተናግድ፣ አንዱ ጥሪ ቢበላሽ ሌላው የማይቋረጥበት፣ ሶፍትዌሩም አገልግሎቱ ሳይቆም የሚታደስበት የስልክ ማዞሪያ ለመሥራት የሚያመች ቋንቋ ነበር። በዚያ ጊዜ እንዲህ ያለ ጭንቀት የነበረበት ከስልክ መሐንዲስ በቀር ብዙ ሰው አልነበረም፤ መድኃኒቱ ከበሽታው ቀድሞ ደረሰ ማለት ይቻላል። በ1998 ደግሞ የኤሪክሰን የሬዲዮ ክፍል፣ ዓለም በሰፊው የሚሠራባቸውን ቋንቋዎች መያዝ ይሻላል በሚል ምክንያት፣ ኤርላንግ ለአዳዲስ ምርቶች እንዳይውል ከለከለ። የሚገርመው በዚያው ዓመት ዲሴምበር ኮዱ ኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ማንም አይቶ የሚጠቀምበት፣ ሆኖ ወጣ፤ ከፈጣሪዎቹም መካከል ኩባንያውን ለቅቀው የራሳቸውን ያቋቋሙ ነበሩ። ክልከላው ባይኖር ቋንቋው ከአንድ ኩባንያ ግቢ መውጣቱን እጠራጠራለሁ።

ጥያቄ፦ ዋትስአፕ በኤርላንግ መሠራቱ ሲታወቅ ሰው ለምን አልጎረፈም?

መልስ፦ ዝናው በእርግጥ መጣ። ፌስቡክ በ2014 ዋትስአፕን በ19 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ሲስማማ ተጠቃሚዎቹ 450 ሚሊዮን ገደማ ሲሆኑ፣ መሐንዲሶቹ ግን በጥቂት አሥሮች የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎም በአንድ ሰርቨር ላይ 2 ሚሊዮን ግንኙነት ማስተናገዳቸውን ገልጸው ነበር። ይሁን እንጂ ወሬውን ሰምቶ ቅዳሜ ማታ ኤርላንግን የጫነ ሰው እሑድ ጠዋት የሚሠራበት ነገር አልነበረውም፤ አብዛኞቻችን የምንጽፈው ድረ ገጽና ቅጽ እንጂ ለ450 ሚሊዮን ሰው መልእክት ማድረሻ አይደለም። ዝና ሰውን እስከ ደጃፍ ያመጣዋል፤ ገብቶ መቀመጡ በሌላ ነገር ይወሰናል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ኤሊክሰር ምን ለወጠ? ውስጡ ያው ኤርላንግ አይደለምን?

መልስ፦ ሞተሩ ያው ነው፤ ቢም የሚባለው ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም ኮዱን የሚያስኬደው ፕሮግራም፣ አልተነካም። ብራዚላዊው ጆዜ ቫሊም፣ በሩቢ ቋንቋ የተጻፈውን የድረ ገጽ መሥሪያ ሩቢ ኦን ሬይልስን ከሚያዘጋጁት ሰዎች አንዱ የነበረ፣ በ2011 ሥራውን ጀምሮ በ2014 የመጀመሪያውን የተረጋጋ እትም ያወጣው፣ በዚያው ሞተር ላይ አዲስ መግቢያ በር ለመክፈት ነው። የበሩ ልዩነት በጣም ትንሽ በሚመስል ነገር ይታያል። በኤርላንግ ፋንክሽን ውስጥ መስመሮች በኮማ ይለያያሉ፣ አማራጭ ክፍሎች በሴሚኮሎን፣ መጨረሻው ደግሞ በነጥብ ይዘጋል፤ ስለዚህ ጀማሪው የመጨረሻውን መስመር ቆርጦ ወደ ላይ ሲያዛውር ነጥቡን በኮማ መተካት ይረሳና ኮዱን ለማሽኑ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ይቆጣዋል። የእኛ ፊደል ጉዳይ ደግሞ ልዩነቱን የበለጠ ያሳያል። በኤርላንግ ጽሑፍ የቁጥሮች ዝርዝር ስለሆነ፣ በተለመደው አቀማመጥ «ሰላም» ብለው ሲጽፉለት 4656፣ 4619፣ 4637 የሚል ዝርዝር ይመልስልዎታል። በኤሊክሰር ግን ሰላም ሰላም ሆኖ ይመለሳል፤ ርዝመቱን ሲጠይቁት 3 ፊደል፣ በባይት ሲጠይቁት 9 ይልዎታል። ቁጥሮቹ ስህተት አይደሉም፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ሰዓት የራሱን ሰላምታ በቁጥር ያገኘ ሰው ሁለተኛውን ሰዓት ላይጠብቅ ይችላል።

ከዚህ በላይ የጠቀመው ግን የሚሠራበት ነገር አብሮ መምጣቱ ነው። ፕሮጀክት የሚያዋቅረው ሚክስ፣ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁትን ኮድ፣ የሚያመጣው ሄክስ፣ በ2015 የመጀመሪያው ዋና እትሙ የወጣው የድረ ገጽ ፍሬምወርክ ፊኒክስ፣ እንዲሁም ጥንቃቄ የተሞላበት ዶክመንቴሽን አንድ ላይ ሆነው ጀማሪው በአንድ ምሽት የሚታይ ነገር ይዞ እንዲተኛ አስቻሉት። የኤርላንግ ሰዎች ለዓመታት «ሞተራችን ግሩም ነው» ሲሉ ኖረዋል፣ እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርሁ፤ መሪውን የት እንደሚይዝ ለሰው ማሳየቱን ግን ችላ ብለነው ነበር።

ጥያቄ፦ ያለ ትልቅ ኩባንያ ድጋፍ የሚቻል ነው?

መልስ፦ ኩባንያ ያፋጥናል። ኮትሊን የተባለው ቋንቋ ከጄትብሬንስ ኩባንያ ወጥቶ ለዓመታት ከቆየ በኋላ፣ ጉግል በ2017 ለአንድሮይድ በይፋ ሲቀበለው ዕድሉ ተለወጠ። ሩቢ ግን በ1995 ከወጣ በኋላ ከጃፓን ውጭ ሰፊ እውቅና ያገኘው በ2004 በወጣው ሬይልስ ምክንያት ነው፤ ሬይልስም ከአንድ አነስተኛ ድርጅት የሥራ ፕሮጀክት ውስጥ የተለየ ነበር። ከሁለቱም የምረዳው፣ ቋንቋው ሰው ቀድሞውንም በእጁ ከያዘው ሥራ ጋር መጣበቅ እንዳለበት ነው።

ጥያቄ፦ ላይብረሪ ስለሌለ ሰው አይመጣም፣ ሰው ስለማይመጣ ላይብረሪ አይጻፍም። ይህ ቋጠሮ በየት ይፈታል?

መልስ፦ በመዋስ ነው። ኤሊክሰር የኤርላንግን ፋንክሽን ያለ አስተርጓሚ በቀጥታ ስለሚጠራ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የአሥርተ ዓመታት ሀብት ወርሷል። በ1993 በብራዚል የተወለደው ሉዋ የተባለ ቋንቋ በተቃራኒው በሌሎች ፕሮግራሞች ቤት እንግዳ መሆንን መረጠ፤ በጨዋታዎችና እንደ ሬዲስ (የመረጃ ማከማቻ) ባሉ ፕሮግራሞች ውስጥ ገብቶ ስለተቀመጠ ብዙ ሰው ሳያስበው ተማረው። ሁሉንም ነገር ከባዶ ልጻፍ የሚል ቋንቋ ግን አቅሙን በዚያ ይጨርሳል።

ጥያቄ፦ አጻጻፉን ብዙ ሰው እንደሚያውቀው ቋንቋ እንደ ጃቫ ማድረግ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም።

ጥያቄ፦ የመሥሪያ ቤታችን ሥራ አስኪያጅ «ሠራተኛ ከየት እናገኛለን?» ብለው እምቢ አሉ። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ ጥያቄያቸው ትክክለኛ ነው። ከዓመታት በፊት በነበርሁበት መሥሪያ ቤት አንድ የመልእክት አገልግሎት ብቻዬን በኤርላንግ ጽፌ፣ ያለ እንከን ሲሠራ በማየቴ ኩራት ተሰምቶኝ ነበር። ዕረፍት በወጣሁበት ሳምንት አንዲት ቁጥር መቀየር ሲያስፈልግ ፋይሉን ደፍሮ የነካ ሰው አልተገኘም፤ ከወራት በኋላም ሥራው በሙሉ በጃቫ እንደገና ተጻፈ። ጥፋቱ የኔ ነበር፣ ምክንያቱም ለኮዱ እንጂ ለሰው አላሰብሁም። አሁን እንዲህ ያለ ሐሳብ ሳቀርብ፣ ቢበላሽ ደንበኛ የማያውቀው ትንሽ የውስጥ መሣሪያ እመርጣለሁ፣ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬም ጋር እጽፈዋለሁ፤ እሱ ያለ እኔ ዕርዳታ አንድ ስህተት አስተካክሎ ወደ ሥራ እስኪያስገባ ድረስ ግን ከሥራ አስኪያጅ ፊት አልቀርብም።