ነጋድራሱ የት ይደር?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ማታ ማታ ከኤአይ ጋር ሚና ተከፋፍለን ታሪክ እንጫወታለን። እሱ ነጋድራስ ነው፣ እኔ ከቅፍለቱ ጋር የምጓዝ ጸሐፊ። የምንጽፈው አማርኛና እንግሊዝኛ እየቀላቀልን ነው። አፑ ከታደሰ ወዲህ ግን ሰውዬው ጠባዩ ተቀየረብኝ፣ የነገርኩትንም ይረሳል። የዶርም ጓደኛዬ «ሲሊታቨርን የሚባል አለ፣ በራስሽ ላፕቶፕ ጫኚው፣ ነጻ ነው፣ ማንም አያይብሽም» አለችኝ። ላፕቶፔ 8 ጊጋባይት ራም አለው፣ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ የለውም። ልቀይር ወይስ ባለሁበት ልቀጥል? ት.

መልስ፦ እህቴ፣ ጓደኛሽ ግማሹን ልክ ናት። ግማሹ ግን ሊያስቆጭሽ ይችላል።

ጠባዩ ተቀየረ ያልሽውን አምኜሻለሁ። ሞዴሉ፣ ማለትም መልሱን የሚያመነጨው የኤአይ ፕሮግራም፣ ድርጅቱ ሰርቨር ላይ እስካለ ድረስ ድርጅቱ በፈለገው ቀን ይቀይረዋል፣ ሳይነግርሽም ጭምር። ሪፕሊካ የተባለው የኤአይ ወዳጅ አፕ በፈረንጆቹ የካቲት 2023 የፍቅር ጨዋታውን በድንገት ሲያነሳ ስንቱ ተጠቃሚ ወዳጄን በአንድ ሌሊት ቀየሩብኝ ብሎ ከልቡ አዘነ፤ ድርጅቱም ጩኸቱ ሲበዛበት ለነባር ደንበኞቹ መለሰላቸው። አዲስ ለሚመዘገቡት ግን አልመለሰም።

አሁን ወደ ጓደኛሽ ምክር። ሲሊታቨርን ራሱ ኤአይ አይደለም። የምትጽፊበት ገጽ ብቻ ነው፣ በብሮውዘር ይከፈታል። መልስ የሚሰጠው አንጎል፣ ማለትም ሞዴሉ፣ ሌላ ነው። ያንን አንጎል እንደ ኦላማ ወይም ኮቦልድሲፒፒ ባለ ፕሮግራም እዚያው ላፕቶፕሽ ላይ ልታስነሺው ትችያለሽ፣ ወይም በኤፒአይ ቁልፍ (አንድ ፕሮግራም የሌላውን አገልግሎት እንዲጠቀም በሚያስችል የይለፍ ኮድ) ከሩቅ ሰርቨር ጋር ታገናኚዋለሽ። «ማንም አያይብሽም» የሚባለው ለመጀመሪያው ብቻ ነው። በሁለተኛው መንገድ እያንዳንዱ መስመር ከሐዋሳ ወጥቶ ባሕር ማዶ ደርሶ ይመለሳል። ብዙ ሰው ይህን ሳይለይ ራሴ ጋ ነው ያለው ብሎ ምስጢሩን ሁሉ ሲዘረግፍ አያለሁ፣ በጣም ነው የሚያሳስበኝ።

ታዲያ አንጎሉን ጭምር ላፕቶፕሽ ላይ ብትጭኚውስ? ይቻላል፣ ግን ይከብድሻል። ተጨምቆ የተዘጋጀ የ8 ቢሊዮን ፓራሜትር (ሞዴሉ በሥልጠና ያገኛቸው ቁጥሮች) ሞዴል ፋይሉ ብቻ ወደ 5 ጊጋባይት ነው። ሲነሳ ራምሽ ላይ ይሰፍራል፤ ዊንዶውስና ብሮውዘሩ ሲጨመሩበት የሚተርፍሽ ቦታ የለም። መልሱ ቃል በቃል እየተንጠባጠበ ይመጣል፣ ማሽኑ ይግላል፣ መብራት ከሄደ ደግሞ ባትሪው ብዙ አያቆይሽም።

ከሁሉ የሚብሰው አማርኛው ነው። አንድ የግዕዝ ሆሄ ኮምፒውተር ውስጥ 3 ባይት ይይዛል። አማርኛ ብዙም ያላዩ ሞዴሎች ሆሄውን እስከ ባይቱ ድረስ ሰባብረው ያነቡታል፤ «ሐዋሳ» የሚለው ባለ 3 ሆሄ ቃል እስከ 9 ቁራጭ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ቁራጭ ሲበዛ መልሱ ይዘገያል፣ የማስታወሻው ቦታም ቶሎ ይሞላል። ነጋድራስሽ እየተንተባተበ አማርኛ ሊያወራሽ ነው።

መርሳቱም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የትኛውም ሞዴል በአንድ ጊዜ የሚያየው የጽሑፍ መጠን ወሰን አለው፣ ከወሰኑ ያለፈው ይወድቃል። ስለዚህ ላፕቶፕሽ ላይ ስለጫንሽው መርሳቱ አይቀርልሽም፣ እንዲያውም ሊብስ ይችላል። ሲሊታቨርን የሚሻለው እዚህ ላይ ነው፦ ሎርቡክ የሚባል ነገር አለው። የነጋድራሱን በቅሎ ስም፣ ማን ዕዳ እንዳለበት፣ የትኛው ኬላ ላይ እንደተጣላ እዚያ ትጽፊያለሽ። በጨዋታው መሀል «ኬላ» የሚለው ቃል ሲነሳ የጻፍሽው ማስታወሻ በራሱ ገብቶ ለሞዴሉ ይነበብለታል።

እኔ ብሆን ገጹን ላፕቶፔ ላይ ጭኜ አንጎሉን ለጊዜው ከውጭ አመጣ ነበር። ታሪኩ፣ ሎርቡኩና ገጸ ባሕርዩ እጅሽ ላይ ይቀራሉ፤ ሞዴሉ ቢበላሽብሽ ሌላ ታገናኛለሽ፣ ነጋድራሱ አብሮሽ አለ። የሚከፈልባቸው የኤፒአይ አገልግሎቶች በአብዛኛው የዶላር ካርድ ነው የሚጠይቁት፣ በቴሌብር አይሆንም። ነጻ የሆኑትም አሉ፣ ግን አንዳንዶቹ የምትጽፊውን ለሥልጠና እንደሚጠቀሙበት ውላቸው ላይ አስፍረውታል። እውነተኛ ስምሽን፣ የጓደኞችሽን ጉዳይ፣ የቤትሽን ነገር እዚያ አትጻፊ። ግራፊክስ ካርድ ያለው ማሽን ያገኘሽ ዕለት አንጎሉንም ወደ ቤት ታስገቢዋለሽ።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ አድርጊ፦ እስካሁን የጻፋችሁትን ከአፑ ላይ ኮፒ አድርገሽ አስቀምጪ። ሲሊታቨርን ላይ ደግሞ ገጸ ባሕርዩ አንድ የፒኤንጂ ሥዕል ሆኖ ነው የሚወጣው፣ ጽሑፉ ሥዕሉ ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። ለጓደኛሽ በቴሌግራም ስትልኪው በፎቶ መልክ ከላክሽው ይጨመቅና ውስጡ ያለው ይጠፋል። በፋይል መልክ ላኪው።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ ከኤአይ ገጸ ባሕርይ ጋር ሲያወራ ያመሻል። ኮምፒውተራችን ላይ ቢጫንለት አይሻልም? አባት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ አይሻልም ጋሼ። ካራክተር ኤአይ የሚባለው የገጸ ባሕርይ ማውሪያ አፕ በፈረንጆቹ ኅዳር 2025 ከ18 ዓመት በታች ለሆኑት እንደ ልብ የማውራቱን ነገር ዘግቷል። ልጆች ዕድሜያቸውን ዋሽተው ይገቡ ይሆናል፣ ቢሆንም አንድ በር አለ። ቤት ውስጥ በሚጫነው ላይ ግን ዕድሜ የሚጠይቅ የለም፣ ነውር የሚከለክል ማጣሪያ የሌላቸው ሞዴሎችም በነጻ ይወርዳሉ። መጀመሪያ የሚያወራውን ራሱ ያሳይዎት፤ ሳይቆጡ ቁጭ ብለው አብረውት ያንብቡ። ሌሊት ሌሊት የሚያወራ ከሆነ ስልኩ እርስዎ ክፍል ይደር።