መንገድ ላይ ብወድቅስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 31 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው ሐዋሳ ነው። ከአምስት ወር በፊት ባጃጅ ውስጥ እያለሁ ልቤ በኃይል መምታት ጀመረ። ጣቶቼ ደነዘዙ፣ ትንፋሽ አጠረኝ፣ የምሞት መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይመጣብኛል። ኤሲጂ (የልብ ምት ምርመራ)፣ የልብ አልትራሳውንድ፣ የደምና የእንቅርት ምርመራ ተሠርቶልኝ ሁሉም ደህና ነው ተባልኩ። አሁን ደግሞ «የአስተሳሰብ ሕክምና ያስፈልግሻል» ብለው ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ላኩኝ። እኔን ያመመኝ ልቤ ነው፤ በወሬ እንዴት እድናለሁ? እስከዚያው ጎረቤቴ የነገረችኝን ዳያዝፓም የሚባል የማረጋጊያ ኪኒን ማታ ማታ መውሰድ ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። አባቴ በድንገት ነው የሞተው። ልጄንም ትምህርት ቤት ማድረስ ትቻለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ዋናው ጥያቄሽ የመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች ላይ ነው ያለው። «የልጄን እጅ እንደያዝኩ አስፋልት ላይ ብወድቅስ? እንደ አባቴ ብሆንስ?» ነው የምትይኝ። ከዚያው ልጀምር።

ልብሽ ታይቷል፣ ደህና ነው። አሁን ሌላ ኤሲጂ ብትደግሚ ገንዘብሽ ነው የሚያልቀው። ያለብሽ ነገር ፓኒክ አታክ፣ ማለትም ድንገት የሚመጣ ኃይለኛ የፍርሃት ስሜት ይባላል። በጣም ያስፈራል፣ የማስመሰልም አይደለም፣ ግን አይገድልም።

መውደቁን በደንብ እንነጋገርበት፣ ምክንያቱም ከዚህ ሕመም ጋር የሚመጣ ሰው ሁሉ ይህንኑ ነው የሚፈራው። ሰው ራሱን የሚስተው ብዙ ጊዜ የደም ግፊቱ በድንገት ሲወርድና ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሲያንስ ነው። በፓኒክ ጊዜ ግን አድሬናሊን የሚባለው የድንጋጤ ሆርሞን ይለቀቃል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ግፊቱም ከፍ ይላል። ሰውነትሽ ለመሮጥ ነው የተዘጋጀው። (ደም ሲያይ ወይም መርፌ ሲወጋ የሚወድቅ ሰው አለ፤ የሱ ጉዳይ ሌላ ነው።) ታዲያ ለምን ያዞረኛል ትይኝ ይሆናል። ቶሎ ቶሎ ስለምትተነፍሺ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደምሽ ውስጥ ይቀንሳል፤ ማዞሩም የጣት መደንዘዙም ከዚያ ነው። አምስት ወር ሙሉ በሳምንት ሁለት ሦስቴ መጣብሽ፣ እስቲ ስንቴ ወደቅሽ? ደብዳቤሽ ውስጥ አንድም የለም። «ቶሎ ስለተቀመጥኩ ነው፣ ስኳር በጥብጠው ስላጠጡኝ ነው» እንደምትይ አውቃለሁ። ሁሉም እንደዚያ ይላል። ሰው ይከብሻል፣ በነጠላ ያራግብልሻል፣ ስኳሩን ትጠጪያለሽ፣ ትንሽ ቆይቶ ይለቅሻል፣ ከዚያ ስኳሩ አዳነኝ ብለሽ ትሄጃለሽ። ፓኒክ ብዙውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ይደርስና በራሱ ጊዜ ይወርዳል። ስኳር ኖረም አልኖረም።

ወደ «ወሬው»፣ ማለትም ወደ አስተሳሰብ ሕክምናው ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሮን ቤክ የሚባል የፊላደልፊያ የአእምሮ ሐኪም አንድ ነገር አስተዋለ። በድባቴ የታመሙ ሰዎች ስሜታቸው ከመውረዱ በፊት እነሱ ራሳቸው ልብ የማይሉት ሐሳብ ብልጭ ይልባቸዋል፤ «እኔ አልረባም» ዓይነት። እ.ኤ.አ. በ1986 ደግሞ ዴቪድ ክላርክ የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ፓኒክን በዚሁ መንገድ አብራራው። ልብ ይመታል፣ አንቺ «የሞት ምልክት ነው» ብለሽ ትተረጉሚዋለሽ፣ ፍርሃቱ አድሬናሊን ይጨምራል፣ ልብሽ ይብሳል። የታቦር ተራራን ዳገት ስትወጪም ልብሽ እንደዚያው ይመታል እኮ! አትደነግጪም፣ ምክንያቱን ስለምታውቂው። ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብለሽ ሲመታ ግን አባትሽ ትዝ ይሉሻል።

ሕክምናው «ጥሩ ጥሩውን አስቢ» አይልሽም፤ እሱንማ ጎረቤትሽም ትነግርሻለች። ደብተር ያስይዙሻል። «ማክሰኞ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ልቤ መታ፣ ያሰብኩት፦ አለቀልኝ። የሆነው፦ ሩብ ሰዓት ቆይቶ ለቀቀኝ፣ ሽንኩርት ገዝቼ ቤቴ ገባሁ» ብለሽ ትጽፊያለሽ። ከዚያ ባለሙያው እዚያው ቢሮው ውስጥ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ቶሎ ቶሎ ያስተነፍስሻል። ማዞሩ ይመጣል፣ ጣትሽ ይደነዝዛል፣ አትወድቂም። ቀጥሎ ሳትቀመጪ፣ ግድግዳ ሳትደገፊ መሞከር ነው። ብዙ ጊዜ በሳምንት አንዴ ሆኖ ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል።

አሁን ልቆጣሽ ነው። ዳያዝፓም በጎረቤት ምክር የሚዋጥ ኪኒን አይደለም! ያለ ማዘዣ የሸጠልሽም ሰው ጥፋተኛ ነው። ሱስ ያስይዛል፣ መጠን አስጨምሪ አስጨምሪ ይላል፣ ደግሞም አዲሱ ስኳርሽ ሆኗል፤ «ያልወደቅኩት በኪኒኑ ነው» እንድትዪ ያደርግሻል። ይህን አንብበሽ ደግሞ ዛሬ ማታ እንዳትጥዪው፣ እባክሽ። ለወራት ተወስዶ በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ ጭንቀቱን ያብሰዋል፣ አንዳንዴም እንደሚጥል በሽታ ያንዘፈዝፋል። ቀስ በቀስ የሚያስቆምሽ ሐኪም ነው።

ቡናውን ቀንሺ። ዳገት ስትወጪ ደረትሽን ጨምድዶ ከያዘሽና ወደ ክንድሽ ወይም መንጋጋሽ ከሄደ፣ ወይም እየሠራሽ ሳለ የእውነት ራስሽን ከሳትሽ፣ ደብተሩን ተይና ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። የአባትሽንም ነገር፣ በስንት ዓመታቸው እንደሞቱና በምን እንደሆነ፣ ለልብ ሐኪሙ ካልነገርሽው ንገሪው።

አንቺ የተላክሽበትን ወረቀት ቦርሳሽ ውስጥ ይዘሽ ከምትዞሪ በዚህ ሳምንት ቀጠሮ አስይዢ። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ የተላክሽበት ቦታ ካልተመቸሽ እዚያ ጠይቂ። የዳያዝፓሙን ብልቃጥ ይዘሽ ሂጂ፣ በቀን ስንት እንደምትውጪም ቁጥሩን ሳታሳንሺ ንገሪያቸው።